መጀመሪያ የሚያፈሰው ግፊቱ ነው

አሮጌ መኪና የሚነዳ ሰው ዕቃ መጫኛውን ቢከፍት ውሃ የተሞላ ሃይላንድ አይጠፋም። ጠዋት ኮፈኑን ከፍቶ ራዲያተሩን ይሞላል፤ ውሎ አድሮ እንደገና ይሞላል። ምነው ሲባል "ትንሽ ውሃ ትጠጣለች" ብሎ ያልፈዋል። እኔም ለዓመታት የነዳሁት አሮጌ ኮሮላ ነው፤ አዲስ አበባና ደብረ ማርቆስ በአባይ በረሃ ሲያመላልሰኝ የኖረ መኪና። በእርሱም በዘመድ ወዳጅ መኪኖችም ያየሁት አንድ ነው። ቴስታታ ከመጣመሙና ጋስኬት ከመቃጠሉ በፊት ምልክት ነበረ፤ ምልክቱም ያች በየጠዋቱ የምትጨመር ውሃ ነበረች። ሞተር ሲወርድ የሚወጣው ገንዘብ የአንድ ቤተሰብ የወራት ቀለብ ነው። ይህን ወጪ ብዙ ሰው ሊያተርፍ ይችል ነበርና የተማርኩትን በተራ በተራ ላስቀምጥ።

1. የጎደለው ውሃ የሄደበት ቦታ አለ

የመኪና ማቀዝቀዣ ዝግ ዑደት ነው። ዋተር ፓምፑ ውሃውን በሞተሩ ውስጥ ይገፋዋል፤ ሞተሩ በቂ ሙቀት ሲያገኝ ቴርሞስታቱ ተከፍቶ ወደ ራዲያተር ይለቀዋል፤ ራዲያተሩ ሙቀቱን ለነፋስ ይሰጥና የቀዘቀዘው ተመልሶ ወደ ሞተሩ ይገባል። በትንሽ የቤት መኪና ውስጥ የሚዞረው 5 ሊትር አካባቢ ነው። ሲሞቅ ሰፍቶ ወደ ፕላስቲኩ መጠባበቂያ ይወጣል፤ ሲበርድ ተስቦ ይመለሳል። ጤነኛ መኪና ለወራት ውሃ ሳይጨመርለት ይሄዳል።

ስለዚህ ፍለጋው የሚጀምረው በመለካት ነው። መኪናው ሜዳ ላይ አድሮ ሞተሩ ፈጽሞ ሲቀዘቅዝ፣ ጠዋት ሳይነሳ፣ መጠባበቂያው ላይ ውሃው የደረሰበትን በእስክሪብቶ አስምሩ። ቀኑንና ኪሎ ሜትሩንም ጻፉ። በሳምንቱ በዚያው ቦታና በዚያው ሰዓት ተመልከቱ። በሳምንት ግማሽ ጣት የሚጎድልና በቀን አንድ ሊትር የሚጎድል የተለያዩ ችግሮች ናቸው፤ ጋራዥ ስትሄዱም "ትንሽ ይቀንሳል" ከማለት ይህን ማስረዳት መካኒኩን ግማሽ መንገድ ያስኬደዋል።

መጠባበቂያውን ብቻ አይታችሁ ግን አትርኩ። ሞተሩ ቀዝቃዛ እንደሆነ የራዲያተሩን ክዳንም ከፍታችሁ እዩ። መጠባበቂያው ሞልቶ ራዲያተሩ የጎደለበት መኪና አጋጥሞኛል። ይህ የሚሆነው የወጣው ውሃ መመለስ ሲያቅተው ነው፤ ወይ ክዳኑ አይስብም፣ ወይ ሁለቱን የምታገናኘው ቀጭን ጎማ አየር ታስገባለች።

2. በደጋ ከተማ ግፊት ሕይወት ነው

ከተማርኩት ሁሉ ትልቁ ይህ ነው። ውሃ በባሕር ጠለል በ100 ዲግሪ ይፈላል። አዲስ አበባ 2300 ሜትር ያህል ከፍታ ላይ ስላለችና አየሯ ስስ ስለሆነ ውሃ እዚህ የሚፈላው 92 ዲግሪ አካባቢ ነው። ባቄላ ደጋ ላይ ቶሎ አልበስል የሚለውም ለዚሁ ነው። ይህን ከሞተሩ ጋር አስተያዩት። በብዙ የቤት መኪኖች ቴርሞስታቱ መከፈት የሚጀምረው ከ80 ዲግሪ ትንሽ አለፍ ሲል ነው፤ ቬንቲላተሩ የሚነሳው ደግሞ ከ90 በላይ፣ ብዙውን ጊዜ 95 አካባቢ ነው። ግፊት የሚይዝ ነገር ባይኖር ኖሮ አዲስ አበባ ላይ ተራ ውሃ ቬንቲላተሩ ገና ሳይነሳ ይፈላ ነበር ማለት ነው።

ከዚህ የሚጠብቀን የራዲያተሩ ክዳን ነው። በብዙ የጃፓን መኪኖች ክዳን ላይ 0.9 ወይም 1.1 የሚል ቁጥር ታትሟል፤ ክዳኑ ግፊቱን ሳይለቅ የሚይዝበት ልክ ነው፣ በኪሎ ግራም በካሬ ሴንቲ ሜትር። 0.9 የሚይዝ ጤነኛ ክዳን የአዲስ አበባውን 92 ዲግሪ ወደ 114 አካባቢ ያደርሰዋል። በደህናና በፈላ ሞተር መካከል ያሉትን ሃያ ምናምን ዲግሪዎች የያዙልን አንድ ቀጭን ጎማና አንዲት ሞላ ናቸው።

እንግዲህ የሆነ ቦታ የመርፌ ቀዳዳ የምታህል ስንጥቅ ስትፈጠር ቀድሞ የሚሄደው ግፊቱ ነው፤ ውሃው ይከተላል። መሬት ላይ አንድ ጠብታ ሳይታይ ዳገት ላይ የሙቀት መርፌው ሽቅብ የሚለው ለዚህ ነው። የማውቀው አንድ የሚኒባስ ሹፌር ራዲያተር አሳጠበ፣ ቬንቲላተር ቀየረ፣ ዋተር ፓምፕ ቀየረ፤ ሙቀቱ ግን አልለቅ አለው። በመጨረሻ ሲታይ የክዳኑ ጎማ ደርቆ ተሰንጥቋል። ከተቀየረው ዕቃ ሁሉ ርካሹ እርሱ ነበር። ከዚያ ወዲህ የማንም መኪና ሞቀ ሲባል መጀመሪያ የማየው ክዳኑን ነው። ጎማው ለስላሳ ነው ወይስ ደርቋል? ሞላው ሲጫኑት ይመለሳል? መሐሉ ላይ ያለችው ትንሽ ቫልቭ ሳብ ስትደረግ ትከፈታለች? ቁጥሩስ የመኪናው ነው? ከፍ ያለ ቁጥር ያለበት ክዳን ይሻላል ብሎ መግጠምም አይገባም፤ ያረጁ ጎማዎችንና የራዲያተሩን ፕላስቲክ ያለ ልካቸው ያስጨንቃቸዋል።

3. መሬቱን፣ ቀለሙንና ሽታውን ጠይቁ

ማታ መኪናው ሲቆም ከሞተሩ ስር ንጹሕ ካርቶን አንጥፉ፤ የፊት ጎማዎቹ የት እንደሚደርሱ ካርቶኑ ላይ ምልክት አድርጉ። ጠዋት ነጠብጣቡ ያረፈበት ቦታ ወደየትኛው ጎን ማየት እንዳለባችሁ ይነግራችኋል። ቀለሙም ይናገራል። አረንጓዴ፣ ሮዝ ወይም ቀይ ሆኖ በጣት ሲታሽ ለስለስ የሚልና ጣፋጭ ሽታ ያለው ኩላንት ነው። ቀይ ሆኖ ቅባትነቱ የሚበዛ የካምቢዮ ዘይት ሊሆን ይችላል። ቀለምም ሽታም የሌለው፣ በሙቀት ቀን ኤሲ ተከፍቶ ከተነዳ በኋላ በተሳፋሪው በኩል የሚንጠባጠብ ውሃ ደግሞ ኤሲው ከአየር ያወጣው እርጥበት ነው፤ አያስደነግጥም።

ተራ ውሃ የሚሞላ ሰው ይህን ምስክር ሁሉ ያጣል። ኩላንት ሲያፈስ በወጣበት ቦታ ደርቆ ባለቀለም ቅርፊት ይተዋል፤ ከወራት በኋላም ይገኛል። ውሃ ግን ሞተሩ ላይ ተኖ ይጠፋል፤ ብዙ ቆይቶ የዝገት መስመር ቢተው ነው።

4. ጠብታው ያረፈበት የፈሰሰበት ላይሆን ይችላል

ጨርቆስ አካባቢ የሚሠሩ አንድ አዛውንት መካኒክ አሉ። አንድ ቀን የታችኛው ጎማ እርጥብ መሆኑን አሳይቻቸው "ጋሼ፣ ይሄ ይቀየር?" ስላቸው "ቆይ ልጄ፣ እርጥቡን ሽቅብ ተከተለው፤ ደረቅ ቦታ ስትደርስ ከሥሩ ያለው ነው ጥፋተኛው" አሉኝ። ተከተልኩት። ውሃው የመጣው ከላይ፣ ከቴርሞስታቱ ቤት ነበር፤ በሞተሩ ጎን ወርዶ ጎማው ላይ ይጠራቀማል። ጎማው ምንም አልሆነም።

ከዚያ ጀምሮ ሁልጊዜ የምፈትሸው ከላይ ወደ ታች ነው፦

ክዳኑና የሚቀመጥበት አንገት። አንገቱ ከተቆረጠመ ወይም ከተጣመመ አዲስ ክዳንም አያድነውም።

የራዲያተሩ የላይና የታች ፕላስቲክ። በአሁኖቹ ራዲያተሮች መሐሉ አሉሚኒየም ነው፤ ጎንና ጎኑ ወይም ላይና ታቹ በጥርስ የተነከሰ ፕላስቲክ ነው። ፕላስቲኩ በዓመታት ሙቀት ቡናማ ሆኖ ይደርቅና በዚያ መጋጠሚያ ይሰነጠቃል።

ጎማዎቹ፣ በተለይ ፋሼታ የሚያስራቸው ጫፎቻቸው። ቀዝቃዛ ሲሆኑ ጨመቅ አድርጓቸው፤ የሚንኮሻኮሽ፣ ያበጠ ወይም እንደ ሊጥ የላላ ጎማ ጊዜው አልፏል። ወደ ካቢኑ ማሞቂያ የሚሄዱት ሁለት ቀጭን ጎማዎች ከኋላ ስለተደበቁ ይረሳሉ።

ዋተር ፓምፑ። ከዘንጉ በታች ሆን ተብሎ የተተወች ትንሽ ቀዳዳ አለች። የውስጡ መዝጊያ ሲበላ ውሃው በእርሷ ይወጣል፤ ባለቤቱ እንዲያውቅ ነው የተሠራችው። ቀዳዳዋን መድፈን አደጋ ነው፤ ውሃው ወደ ኩሽኔታው ይገባና ፓምፑን መንገድ ላይ ይሰብረዋል።

5. ዕቃ ከመቀየር በፊት በግፊት መፈተሽ

የራዲያተር መፈተሻ የእጅ ፓምፕ ተራ መሣሪያ ነው፦ በክዳኑ ቦታ ይገጠማል፣ መለኪያ አለው፣ አየር በእጅ ይገፋል። ሞተሩ ቀዝቃዛ ሆኖ ራዲያተሩ ከተሞላ በኋላ በክዳኑ ላይ እስከተጻፈው ልክ ብቻ ይነፋል፤ ከዚያ አሥር፣ አሥራ አምስት ደቂቃ ይጠበቃል። መርፌው ካልወረደ ዑደቱ ደህና ሳይሆን አይቀርም። ከወረደ ደግሞ መብራት ይዞ መፈለግ ነው፤ ሞተሩ አይዞርም፣ አይሞቅም፣ ቬንቲላተር እጅ አይቆርጥም። በመንዳት ላይ ብቻ የሚታየው ማፍሰስ ቆሞ ይታያል። ክዳኑ ራሱም በማገናኛ ተገጥሞ በዚሁ ፓምፕ ይፈተሻል።

በግምት ዕቃ የሚቀይር ጋራዥና ፓምፑን የሚያወጣ ጋራዥ ልዩነታቸው ይህ ነው። ለባለመኪናው የሚያስተርፈው ገንዘብ ከፓምፑ ዋጋ ብዙ ጊዜ ይበልጣል።

6. ምንም ጠብታ ሳይገኝ ሲጎድል ሁለት ቦታ ይታይ

አንደኛው ከዳሽቦርዱ ሥር ያለው የካቢን ማሞቂያ ነው። ትንሽ ራዲያተር ማለት ነው። ሲያፈስ ውሃው መሬት ሳይነካ ምንጣፉ ይመጠዋል። የተሳፋሪው እግር ሥር ሲረጥብ፣ መስታወቱ በቅባት በሚመስል ጉም ሲሸፈን፣ ካቢኑ ጣፋጭ ሽታ ሲሸት እርሱ ነው።

ሁለተኛው የሚያስፈራው ነው፤ የቴስታታ ጋስኬት። ውሃው ወደ ሲሊንደር ይገባና በጭስ ማውጫ ይሄዳል። አዲስ አበባ ላይ በጠዋት ብርድ ነጭ እንፋሎት ማውጣት የጤነኛ መኪናም ጠባይ ስለሆነ በዚያ ብቻ አትፍረዱ። ሞተሩ በደንብ ሞቆም ነጩ ጭስ ካልቆመና ጣፋጭ ሽታ ካለው፣ ሞተሩ እንደተነሳ የላይኛው ጎማ ገና ሳይሞቅ ድንጋይ ከሆነ፣ አየሩ ወጥቶ ካለቀ በኋላም ራዲያተሩ ውስጥ አረፋ ካላቋረጠ፣ በዘይት መሙያው ክዳን ሥር ያለው ነጣ ያለ አረፋ ረጅም መንገድ ተነድቶም ካልጠፋ ጥርጣሬው ይበረታል። ለማረጋገጥ ሰማያዊ ፈሳሽ ያለበት መፈተሻ አለ። ከራዲያተሩ አፍ የሚወጣው አየር በፈሳሹ ውስጥ ያልፋል፤ የቃጠሎ ጋዝ ካለበት ፈሳሹ ወደ ቢጫ ይለወጣል። ቴስታታ ከመፈታቱ በፊት ይህ ፈተና ይደረግልኝ ማለት መብታችሁ ነው።

አውቶማቲክ ካምቢዮ ያለው መኪና የሚነዳ አንድ ነገር ይጨምርበት። በብዙዎቹ የካምቢዮው ዘይት የሚቀዘቅዘው በራዲያተሩ ውስጥ በሚያልፍ ቧንቧ ነው። ቧንቧው ከተበሳ ውሃና ዘይት ይቀላቀላሉ፤ ራዲያተሩ ውስጥ ሮዝ መልክ ያለው ወፍራም አረፋ ይታያል። ያን ካያችሁ መኪናውን አታስነሱት፤ ካምቢዮው ይበላሻል።

7. ጥገናው ንጽሕና ይወዳል

ጎማ ሲቀየር ትልቁ ጥፋት የሚፈጸመው ሲነቀል ነው። የደረቀውን ጎማ በፒንሳ እያጠማዘዙ ሲጎትቱ የራዲያተሩ ፕላስቲክ አንገት ይሰበራል። ጎማው ለማንኛውም ሊጣል ነውና በርዝመቱ ሰንጥቆ መላጥ ይሻላል። አንገቱ ላይ የቀረው ቅርፊት በቀጭን ብርጭቆ ወረቀት ይጽዳ። ፋሼታው የሚታሰረው ከአንገቱ ጉብታ አልፎ ነው፤ ጉብታው ላይ ወይም ጫፉ ላይ ከታሰረ ጎማው በግፊት ይወጣል። በካቻቢቴ የሚጠብቀውን ፋሼታ ሞተሩ ሞቆ ከቀዘቀዘ በኋላ አንዴ ማየት ያስፈልጋል። ከፋብሪካ የመጣው የሞላ ፋሼታ ግን ጎማው ሲሰፋም ሲጠብም አብሮ ስለሚሄድ ጤነኛ ከሆነ እርሱኑ መልሱት።

የድሮ የመዳብ ራዲያተር በብየዳ ይድናል፤ በየከተማው ጥሩ ሠሪዎች አሉት። የተሰነጠቀ ፕላስቲክ ላይ የሚለጠፍ ማጣበቂያ ግን ቤት ለመድረስ እንጂ ለመኖር አይሆንም፤ ሙቀትና ግፊት ያላቅቀዋል። ሶማሌ ተራ ያገለገለ ራዲያተር ስትገዙ ሻጩ ፊት በግፊት አስፈትሹት። ያገለገለ ጎማ፣ ያገለገለ ክዳንና ያገለገለ ቴርሞስታት ግን በነፃም ቢሰጧችሁ አትቀበሉ። ዋተር ፓምፑን የሚያዞረው የታይሚንግ ቺንጋ ከሆነ ሁለቱን አብሮ መቀየር ይበጃል፤ የሚፈታው ያው ነው።

8. ቴርሞስታት አውጥቶ መጣል ፈውስ አይደለም

መኪና ሲሞቅ "ቴርሞስታቱን አውጣው" የሚል ምክር በየጋራዡ ይሰማል። ከወጣ በኋላ ሞተሩ ሥራ የሚሠራበት ሙቀት ላይ ለመድረስ ይዘገያል፣ ነዳጅ ይበላል፣ ቶሎ ያረጃል። በአንዳንድ ሞተሮች ደግሞ ቴርሞስታቱ ሲከፈት አቋራጩን መንገድ የሚዘጋው ራሱ ነው፤ ከሌለ ከፊሉ ውሃ ራዲያተሩን ሳያይ ይዞራል፣ ዳገት ላይም ሙቀቱ ይብሳል። የተበላሸውን በአዲስ መተካት ነው። ጥሩ ስለመሆኑ በፈላ ውሃ ውስጥ ነክሮ ሲከፈት ማየት ይቻላል።

ቀዳዳ ይደፍናል ተብሎ ራዲያተር ውስጥ የሚጨመረው ዱቄትም እንዲሁ ነው። የቱ ቀዳዳ በሽታ፣ የቱ መንገድ እንደሆነ አይለይም። የካቢን ማሞቂያውንና የራዲያተሩን ቀጫጭን ቱቦዎች ይደፍናል፤ ቀጥሎ የሚመጣው መካኒክም ምልክቱን ያጣል።

9. የሚሞላው ነገርና አሞላሉ

"አገራችን በረዶ የለም፤ ኩላንት ምን ያደርጋል?" የሚል ሰው ብዙ ነው። ኩላንት እኛ ዘንድ ዋናው ሥራው ዝገትን መከላከልና የመፍያውን ልክ ከፍ ማድረግ ነው። ከጉድጓድ የሚወጣ ማዕድን የበዛበት ውሃ ሞተሩ ውስጥ ነጭ ቅርፊት ይጋግራል፤ ዝገቱ ደግሞ የዋተር ፓምፑን መዝጊያ ይበላል። በቀለም ብቻ አትመኑ፤ ቀለም በየአምራቹ ይለያያል። የቶዮታ ሮዙ ኩላንት አስቀድሞ በውሃ የተቀላቀለ ነው፣ ውሃ አይጨመርበትም፤ አዲስ መኪና ላይ መጀመሪያ የሚቀየረው በ160,000 ኪሎ ሜትር፣ ከዚያ በየ80,000 ነው። ያልተቀላቀለ ከሆነ በተጣራ ውሃ እኩል በእኩል ይበጠበጣል።

ከሞላ በኋላ አየሩ ይውጣ። የመኪናው አፍንጫ ወደ ዳገት ቢዞር ይረዳል። ክዳኑ ተከፍቶ፣ የካቢን ማሞቂያው እስከ መጨረሻው ወደ ሙቅ ዞሮ፣ ሞተሩ በቆመበት ይሥራ። ቴርሞስታቱ ተከፍቶ ራዲያተሩ እስኪሞቅና አረፋው እስኪያቆም ቀስ እያሉ መጨመር፣ ከዚያ መዝጋት፣ በማግስቱ በቀዝቃዛው እንደገና ማየት። ሞተሩ ውስጥ የቀረ አየር የተጠገነውን መኪና እንዳልተጠገነ ያስመስለዋል።

አንድ ነገር አጥብቄ እለምናለሁ። የብዙው ኩላንት መሠረት ኤቲሊን ግላይኮል ነው፤ ይጣፍጣል፣ መርዝም ነው፣ ኩላሊት ያጠፋል። ግቢ ውስጥ በሳህን ተቀድቶ የተተወ ኩላንት ልጅንም ውሻንም ይገድላል። የፈሰሰውን በብዙ ውሃ እጠቡት፤ የተረፈውን ልጅ የማይደርስበት አስቀምጡ፤ በለስላሳና በውሃ ጠርሙስ ፈጽሞ አታስቀምጡ።

10. መንገድ ላይ ሲሞቅ

ከጎሐ ጽዮን እስከ ደጀን 40 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። በዚያች ርቀት መንገዱ ወደ 1500 ሜትር ወርዶ አባይን ከተሻገረ በኋላ መልሶ ይወጣል። ታች አየሩ ይግላል፤ ዳገቱ ላይ ፍጥነት ስለሌለ ራዲያተሩ ነፋስ አያገኝም። ደካማ ማቀዝቀዣ የሚጋለጠው እዚያ ነው። መርፌው ከልማዱ ከፍ ሲል ኤሲውን ዝጉ፣ የካቢን ማሞቂያውን ወደ ሙቅ ክፈቱ፤ ቢያልባችሁም ከሞተሩ ላይ ሙቀት ይወስዳል። ካልወረደ ከመንገድ ወጥታችሁ ሞተሩን አጥፉ። ሽቅብ ሲሄድ የነበረ መርፌ ድንገት ወደ ቀዝቃዛ ቢወርድ ደስ አይበላችሁ፤ ውሃው አልቆ መለኪያው አየር ላይ ቀርቶ ሊሆን ይችላል።

ክዳኑን በሙቀቱ አትክፈቱ። በግፊት የተያዘ ከ100 ዲግሪ በላይ የሞቀ ውሃ ግፊቱ ሲለቀቅ ባንዴ እንፋሎት ሆኖ ፊት ላይ ይፈነዳል። የላይኛው ጎማ በእጅ ሲያዝ የማያቃጥልና ሲጫኑት የሚለሰልስ እስኪሆን ጠብቁ፤ ግማሽ ሰዓትም ከዚያም በላይ ሊወስድ ይችላል። ከዚያ በወፍራም ጨርቅ ሸፍናችሁ እስከ መጀመሪያው መያዣ ብቻ አዙሩ፤ ትንፋሹ ሲያልቅ ክፈቱ። ውሃውን ጥቂት በጥቂት ጨምሩ፤ በጋለ ሞተር ላይ ባንዴ የሚደፋ ቀዝቃዛ ውሃ ቴስታታ ይሰነጥቃል።

እዚያ መንገድ ላይ ቆሞ ከመጠበቅ ከተማ ውስጥ አንድ ጠዋት መስጠት ይሻላል። ውሃ የሚጎድልበት መኪና ካላችሁ በዚህ ሳምንት ክዳኑን እዩ፣ መጠባበቂያው ላይ መስመር አስምሩ፣ ጋራዥ ስትገቡም አንድም ዕቃ ሳይፈታ "መጀመሪያ በግፊት ይፈተሽልኝ" በሉ። ፓምፑ ከሌላቸው ያለው ጋራዥ ድረስ ሂዱ።